ኮንታክት ሐሳብ አይቀይርም

ዘበኛው የተገኘው በመጋዘኑ በር ሥር ነው። በደረቱ ተደፍቷል። አንድ እጁ ባዶ የእሳት ማጥፊያ እንደጨበጠ ቀርቷል፤ በሌላው እጁ እርጥብ ፎጣ አፍንጫው ላይ ይዟል። እሳት አልነካውም። የጨረሰው ጭሱ ነው።

እሑድ ነበር። የልብስ ስፌት ፋብሪካው ዝግ ነበር። ጭሱ የታየው ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲል ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው ሲያጠፉት የስፌት አዳራሹ ተረፈ፤ መጋዘኑ ግን ከነልብሱ ዐመድ ሆነ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አለቃ ቁጢጥ ብሎ ዐመዱን በእፍኙ አንስቶ በጣቶቹ መሃል አንጠባጠበው።

ፖሊስ ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገረም። በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሁለት ሽቦዎች ተላጠው፣ ተጣብቀው ተገኙ። ውጭ ከአጥሩ ጋር በተሠራው የቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ደግሞ ዋናው ብሬከር ወድቋል። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ቁልፉን በመጥረቢያ ሰብረው ያዩት ይህንኑ ነው። ፖሊስ ሳጥኑን ሌላ ሰው ሳያየው እዚያው በማኅተም አሸገው። ኮንታክት ሲፈጠር ብሬከር ይወድቃል፤ ይህን የማያውቅ የለም። መስመሩን ዐርብ ከሰዓት የነካካው ደግሞ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነው።

ሰኞ ጠዋት ኤሌክትሪሺያኑ ታሰረ። በቸልተኝነት ሰው ገድለሃል ተባለ።

«እኔ እኮ እሑድ እዚህ አልነበርኩም!» ብሎ ጮኸ። «ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ የወፍጮ ሞተር ስጠግን ነው የከረምኩት። እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ሁሉ አይቶኛል!»

«መኖር አለመኖርህን ማን ጠየቀህ?» አለው የጣቢያው አዛዥ። «ያቃጠለው ሥራህ ነው። ሥራህ ደግሞ እዚሁ ነበር።»

ፋይሉን የያዘው ኢንስፔክተር የቀሩትን ጥቂት ቃሎች ተቀብሎ እንዲዘጋው ታዘዘ። መጀመሪያ ያነጋገረው ሥራ አስኪያጁን ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ስለ ዘበኛው ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል።

«እሑድ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ስልክ ተደውሎልኝ ስመጣ እሳቱ ጠፍቶ ነበር።»

«የቆጣሪ ሳጥኑን ከፍተው ያውቃሉ?»

«ክረምቱ ከገባ ነክቼው አላውቅም። እኔ ኤሌክትሪክ እፈራለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገር መጨመሬ አይደለም። ግን ጎረቤታችን አንዲት ሴት አሉ። ፋብሪካውን አቃጥለዋለሁ ሲሉ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷቸዋል።»

ሴትየዋ ከፋብሪካው ጋር አንድ አጥር ትጋራለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ቴክኒሺያንነት ሠርታ ጡረታ የወጣች ናት። ሰፈሩ «አንቴና» ይላታል። ሰገነቷ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የእንጨት መስቀለኛ ቆሟል፤ ዙሪያውን ቀጭን ሽቦ ሁለት መቶ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። እሱንም ሰፈሩ «የቆመ አልጋ» ብሎታል።

ኢንስፔክተሩ ሲመጣ ጥቁር ለብሳ ነበር። ከዘበኛው ሐዘን ቤት መግባቷ ነው።

«ፋብሪካውን አቃጥለዋለሁ ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

ብዕሩን አዘጋጀ። «መቼ?»

«የቱን ልንገርህ? በወር አንዴ እላለሁ። በልጄ ዕድሜ ነህና አንተ ብልህ ቅር አይበልህ።»

«አይለኝም። ለምን አሉ?»

«ስለሚያደነቁሩኝ።»

«የማሽኖቹ ድምፅ እኮ እዚህ ድረስ አይሰማም።»

«ስለ ጆሮ ማን አወራ? ና ውጣ።»

ወደ ሰገነቱ ወሰደችው። ከቆመው አልጋ ሥር ትንሽ ሳጥን አለ፤ ከሳጥኑ የወጣ ገመድ በመስኮቱ በኩል ወደ ክፍሏ ይገባል።

«ይሄ ሬዲዮ ነው» አለችው። «ግን ዜናና ዘፈን አይይዝም። ከሁሉ በታች ያለውን ሞገድ ነው የሚሰማው። ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ መብረቅ ሲወርድ እዚህ ጠሽ ይላል። ከባሕር በታች ለሚሄዱ መርከቦች የሚላክ ምልክት አለ፣ እሱንም ይይዛል። ፀሐይ ላይ ፍንዳታ ሲነሳ ያ ምልክት በድንገት ከፍ ይላል። እኔ ያንን እመዘግባለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

«ለማን?»

«ለማንም። ዘበኛው ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ‹ፀሐይ እንዴት አደረች?› ይለኝ ነበር።» ፊቷን ዞር አደረገች። ቶሎም ተመለሰች። «ችግሩ ምን መሰለህ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሁሉ በዚሁ ሞገድ ያጉረመርማል። እነዚህ ስፌት ሲጀምሩ ሰማዬ ይጠፋል። ስድስት አቤቱታ ጻፍኩ። ‹ማስረጃ አምጪ› አሉኝ። ማስረጃ ሠራሁ።»

ጣቷን ወደ ሰገነቱ ጥግ ቀሰረች። ከትሪ የማይበልጥ ክብ ጥቅል ሽቦ ፊቱን ወደ ፋብሪካው አድርጎ ተሰቅሏል። የፋብሪካውን ጉርምርምታ ብቻ እንዲያዳምጥ የሠራችው ነው። ኮምፒውተሯ ቀን ከሌት፣ ሰከንድ በሰከንድ ይቀዳል።

ኢንስፔክተሩ ሊሄድ ዞሮ ነበር። ለወሬ ያህል ጠየቀ።

«የእሑዱም አለ?»

አንቴና ደንገጥ አለች። «ይኖራላ። ሁለት ቀን ሙሉ ሐዘን ቤት ነበርኩ፤ አላየሁትም።»

ወደ ክፍሏ አስገብታው ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። በጨለማ ሰሌዳ ላይ ሁለት ብሩህ መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

«እሑድ እሑድ የሚሠሩት ሁለት ሞተሮች ናቸው። ይሄ የውሃው ፓምፕ ነው፤ ይሄ የመጋዘኑ ማናፈሻ። እንደ ጎረቤት ሳል አውቃቸዋለሁ።»

አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ የፓምፑ መስመር ተቆረጠ። አራት ሰከንድ። ተመልሶ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም አንድ ላይ ጠፉ። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው።

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን ገለጠ።

«ጭሱ የታየው ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«ለስድስት አሥር ጉዳይ።»

«መብራቱ የጠፋው ከዚያ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ቀድሞ ነው።»

«ኮንታክቱ ያኔ ተፈጥሮ፣ እሳቱ ውስጥ ውስጡን ሲጤስ ቆይቶ ቢሆንስ?»

«ኮንታክት ሲፈጠር ይሄ ሽቦ ጆሮ እስኪበጥስ ይጮኻል። እየው፤ ይሄ ያለፈው ሐምሌ አንድ ማሽን ኮንታክት አድርጎ ብሬከሩ የወደቀ ዕለት ነው።» ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች የሰነጠቀ ነጭ መስመር አሳየችው። «የእሑዱ ግን እንደ ሻማ እፍ ተብሎ ነው የጠፋው። ደግሞ ልብ በል። ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። ኮንታክት ሐሳብ አይቀይርም፣ ልጄ። ሐሳብ የሚቀይር ሰው ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ኤሌክትሪሺያኑ ዘመድዎ ነው?»

«እሱ? የመሬት ሽቦውን አስተካክልልኝ፣ ጩኸቱ ይቀንስልኛል ብዬ ስለምነው ‹ሰማይ ለምታዳምጥ ሴት የመሬት ሽቦ ምኗ ነው?› ብሎ ሰው ያሳቀብኝ ባለጌ ነው። አልወደውም። ግን ስላልወደድኩት ያላደረገውን አድርጓል አልልም።»

አዛዡ ወሬውን ሲሰማ ሳቀ።

«የአሮጊት ሽቦ ተሸክሜ ዐቃቤ ሕግ ፊት ልቁም? ሥራ አስኪያጁም አሁን ሲደውል ነግሬው በሳቅ ፈረሰ። ዝጋው ያልኩህን ዝጋ።»

በማግስቱ ጠዋት አንቴና ኮምፒውተሯን በዘንቢል ይዛ ጣቢያው መጣች። አዛዡ ከበሩ ላይ መለሳት።

«እማማ፣ ቤትዎ ይግቡ። ፀሐይ ይመታዎታል።»

«እማማህ አይደለሁም። ምስክር ነኝ። ቃሌን ተቀበል።»

«ጉዳዩ አልቋል እኮ።»

«እንግዲያስ ያለቀ ጉዳይ ምስክር አያስፈራውም።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ምሳ ሰዓት አለፈ። አልተነሳችም። አሥር ሰዓት ላይ አንዲት ጸሐፊ አዝናላት ቃሏን በሁለት ገጽ ጻፈችላት። አስፈረመቻት፣ ማኅተም አደረገችበት።

ቤቷ ስትመለስ ሰገነቱ ላይ የሚቆም ነገር አልነበረም።

እንጨቱ ተሰብሯል። ሽቦው እንደ ፀጉር ተቆራርጦ ወለሉን ሞልቶታል። ትንሿ ጥቅል ተረግጣ ተጣማለች። የዘጠኝ ዓመት ሥራ። ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። አላለቀሰችም። መጥረጊያ አምጥታ ጠረገችው፤ ከዚያ መዶሻ ፈለገች።

በበነጋው የኤሌክትሪሺያኑ ሚስት ወሬውን ሰምታ ከባሏ ዕቃ ቤት አንድ ድፍን ጥቅል ሽቦ ተሸክማ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ፣ ይተዉት። እኛ እንደሆንን ዕጣችን ነው። ነገ ደግሞ እርስዎን ይጎዱዎታል።»

«የቆረጡት ሽቦ ነው። እኔን አልቆረጡኝም። ይልቅ ያዢልኝ፣ ሳይላላ።»

አንዷ እያዞረች፣ አንዷ እየቆጠረች ዋሉ። መቶ ሃያኛው ዙር ላይ ሚስትየው መቁጠሯን አቋርጣ ሳግ ያዛት።

«ስንት ደረስን?» አለቻት አንቴና።

«መቶ... መቶ ሃያ።»

«ሰማንያ ይቀረናል። ስንጨርስ አብረን እናለቅሳለን።»

ኢንስፔክተሩ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። የተቆራረጠውን ሽቦ ከቅርጫቱ አነሳና አገላበጠው። በፒንሳ የተቆረጠ ነው፤ የቸኮለ ሰው ሥራ ነው።

«እስከ ትናንት ድረስ በግማሽ ልቤ ነበርኩ» አለ። «ግን የማይረባ ማስረጃ ማንም አይቆርጥም። ይህ ሽቦ እሑድን መቅዳቱን ከጣቢያው ሰዎች ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ እስር ቤት ሄደ።

«ዐርብ ምን ሠራህ? አንድ በአንድ ንገረኝ።»

«ሳጥኑ ውስጥ አምስት ብሬከሮች አሉ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «ዋናው ከላይ ነበር። ቦታው ስለላላ አወጣሁትና ወደ ታች አወረድኩት። ላይኛው ቦታ ላይ የፓምፑን አስገባሁ። ሰኞ ስም ልጽፍባቸው ነበር፤ ሰኞ እናንተ መጣችሁ።»

«መቀየርህን ለማን ነገርክ?»

«ማን ነበረና? ስጨርስ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሥራ አስኪያጁ በስምንት ወጥቷል። ዘበኛውም የፊት በር ላይ ነበር።»

«የሳጥኑ ቁልፍስ?»

«ሁለት ነው። አንዱ ወፍጮ ቤት ኪሴ ውስጥ ነበር። አንዱ የእሱ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን ከደነ። ፓምፑ ብቻ ለአራት ሰከንድ ለምን እንደጠፋ አሁን ገባው። አንድ ሰው ዋናውን ለማጥፋት እጁን እንደለመደው ወደ ላይ ሰድዷል። ማናፈሻው መዞሩን ሲሰማ መልሶ አበራው። ከዚያ ዋናውን ከታች አገኘው።

ዐርብ ጠዋት በቆጣሪ ሳጥኑ ፊት አራት ሰዎች ቆሙ፤ አዛዡ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አለቃ፣ ኢንስፔክተሩና ሥራ አስኪያጁ። የተቃጠለው መስመር ተነቅሎ ወጥቷል፤ ለቀሪው ግቢ መብራት ተመልሷል። ኢንስፔክተሩ ቀደም ብሎ ማኅተሙን ቀድዶ አምስቱንም ብሬከሮች ወደ ላይ አድርጓቸዋል። በአጥሩ ማዶ፣ አዲስ በተጠመጠመው ሽቦ ሥር፣ አንቴና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች።

«የመጨረሻ ነገር ነው» አለ ኢንስፔክተሩ ስልችት ባለ ድምፅ። «መጋዘኑን አንዴ አይተን ፋይሉን እንዝጋ። ውስጥ ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ እኔም እንደ እርስዎ ኤሌክትሪክ እፈራለሁ። እባክዎ ዋናውን ያጥፉልን።»

ሥራ አስኪያጁ ሳጥኑን ከፈተ። አምስት ጥቋቁር ብሬከሮች፤ አንድ መጠን፣ አንድ ቀለም፣ ስም የለሽ። እጁ አላመነታም። የታችኛውን ያዘና ቀጭ አደረገው።

«ሁሉም ጠፋ!» የሚል ድምፅ ከሰገነቱ መጣ።

«አመሰግናለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ። «የታችኛው መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ምን ማለት ነው? ሁልጊዜ...»

«ሁልጊዜ ከላይ ነበር። ወደ ታች የወረደው ዐርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። እርስዎ ክረምቱ ከገባ ሳጥኑን ከፍቼ አላውቅም ብለው ፈርመዋል።»

«ኤሌክትሪሺያኑ ነግሮኝ ይሆናል።»

«መቼ? ዐርብ በስምንት ወጡ። የሁለታችሁንም ስልክ አይተናል፤ አልተደዋወላችሁም።»

«እንግዲያው ገመትኩ! ሰው አይገምትም?»

«እሑድስ ገመቱ። በመጀመሪያ ከላይ ያለውን ነክተው ፓምፑን አጠፉ። አራት ሰከንድ ቆይተው መለሱት። ከዚያ የታችኛውን አገኙ። አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ነበር። ዛሬ ግን መገመት አላስፈለገዎትም።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ አዛዡ ዞረ። አዛዡ መሬት መሬት ያይ ነበር።

እስካሁን ዝም ያለው የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አለቃ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ለእኛ የተሰፋው ካፖርት ነው አይደል?»

«አዎ። አራት መቶ።»

«እሳት የማይበላው ጨርቅ።»

«አዎ... አዎ።»

«ታዲያ ምን በላው?»

የሥራ አስኪያጁ የተተኮሰ ሸሚዝ ከብብቱ ሥር ረጥቧል።

የቀረው ቀስ በቀስ ወጣ። የታዘዘው ጨርቅ ውድ ነው፤ እሱ ተራ ጨርቅ ገዝቶ እሱኑ አሰፋ። ሰኞ ጠዋት የናሙና ፍተሻ እንደሚደረግ ሐሙስ ሰማ። ከሰኞ በፊት ካፖርቶቹ መጥፋት ነበረባቸው። ዐርብ መስመሩ መነካካቱ መልካም አጋጣሚ ሆነለት። እሑድ ከውጭ መብራቱን አጠፋ፤ ሳይፈራ ሽቦዎቹን ላጠ፣ ጠመዘዘ፣ ጨርቁ ላይ እሳት ለኮሰ። የወደቀውን ብሬከር ያየ ሁሉ ኮንታክት እንደሚል አውቋል። ሽቦ ያስቆረጠውም እሱ ነው፤ የአዛዡ ጨዋታ አስደንግጦት።

«ሽማግሌው እዚያ መኖር አልነበረበትም» አለ በመጨረሻ። «ልጅህ ዘንድ ሄደህ ዋል፣ ዛሬ ዕረፍት ሰጥቼሃለሁ ብዬው ነበር። እሺ ብሎኝ ሄዶ ነበር እኮ!»

ዘበኛው ሄዶ ነበር። ልጁ በኋላ እንደተናገረችው፣ ከእሷ ጋር አንድ ሰዓት እንኳ አልተቀመጠም። በር ጥሎ መዋል ከበደው። «ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ሲገኝ ደግሞ ንብረቱን ጥሎ መሄድ ነውር ነው» ብሏት ተነሳ። ሲደርስ ጭስ አየ። ፎጣውን ነክሮ ገባ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አለቃ የሥራ አስኪያጁን ቃል እስከ መጨረሻው አልጠበቀም። ስልሳ ካፖርት ቀደም ብሎ ለሰዎቹ ታድሎ ነበር፤ እሑድ እሳቱ ውስጥ የገቡትም እሱኑ ለብሰው ነው። የእሳት አደጋ ጣቢያው ሲደርስ ሰዎቹን ግቢው ውስጥ ሰበሰበና የራሱን ካፖርት አውልቆ መሬት ላይ ጣለው። ክብሪት ጫረ። ጨርቁ እንደ ገለባ ነደደ። ማንም ሳያዛቸው አንድ በአንድ አወለቁ።

ኤሌክትሪሺያኑ በተፈታ በሰዓቱ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ ከሚስቱ ጋር የአንቴናን በር አንኳኳ።

«እትዬ፣ እኔ ለእርስዎ ጥሩ ሰው አልነበርኩም።»

«አልነበርክም።»

«እንደዚያም ሆኖ...»

«እንደዚያም ሆኖ አልወድህም። ግባ፤ ሚስትህ እህል አልቀመሰችም።»

አንቴና ለምስክርነት ፍርድ ቤት ስትጠራ የሥራ አስኪያጁ ጠበቃ መነጽሩን አስተካክሎ ለረጅም ጊዜ አያት። ትንሿ ጥቅል ሽቦዋ ዳኛዋ ፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች።

«በዚህ ዘርፍ ዲግሪ አለዎት?»

«የለኝም።»

«የሚያውቅዎት ድርጅት፣ የሚከፍልዎት መሥሪያ ቤት?»

«የለም።»

«ስለዚህ አንዲት ጡረተኛ፣ በገዛ እንጨቷና በገዛ ሽቦዋ፣ ሰገነት ላይ ወጥታ ሰማይ ታዳምጣለች። እዚህ የምንፈርደው በሰው ነፍስ ነው!» ወደ ተመልካቹ ዞሮ እጁን ዘረጋ። «ለመሆኑ ይህን እንዲያዳምጡ ማን ፈቀደልዎት?»

«ጆሮ የሰጠኝ» አለች አንቴና።

ዳኛዋ አዳራሹ ጸጥ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዘወር አሉ።

«መልሱ እንዳለ ይመዝገብ» አሉ፤ «ከዚያ እሑድ የተቀዳውን እንዳለ ከፍታችሁ አሰሙን።»